የመስታወት ክፍሉ ዛሬ ሞቋል

— ሄሎ? ዊትቢ፣ የሆልሮይድ ቤት ነው... ማን ልበል?

— ግሬም! ምነው ልጄ? አንተ የምትደውለው እሁድ እሁድ አይደል እንዴ? ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው። ማነው የሞተው?

— ማንም? እርግጠኛ ነህ? ጁዲትስ ደህና ናት? ልጅቷስ? ... እሺ። እሺ ብያለሁ። ቆይ ልቀመጥ። ያለ ቀኑ ስልክ ሲጮህ ምን ላስብ ታዲያ? ባለፈው ያለ ቀኗ የደወለችው አክስትህ መሪየል ናት፤ ዳሌዋን ሰብራ።

— አባትህማ የት ይሄዳል? ቴሌቪዥን ላይ የስኑከር ኳስ ጨዋታ እያየ ነው። ክሊፎርድ፣ ግሬም ነው! ... ድምፁን ቀንሰው እንጂ! ... ሰላም ይልሃል። ማለቴ እጁን አወዛወዘ፤ ዓይኑን ከኳሶቹ ላይ አልነቀለም።

— ምን? በሸሚዝ ብቻ? የት ተቀምጠህ? ... የመስታወት ክፍሉ ውስጥ? በዚህ ብርድ? ... አትቀልድብኝ ግሬም። ባለፈው ስንመጣ እኮ እዚያ ክፍል ሻዬ አፌ ሳይደርስ ቀዘቀዘ። አባትህ ኬኩን የበላው ኮፍያውን ሳያወልቅ ነው።

— አይ፣ ደስ ብሎኛል። ድምፄ ደስ ሲለኝም እንዲህ ነው። ... እኔማ ገና መሠረቱ ሲቆፈር ተናግሬያለሁ። ያ የሸጠላችሁ ሰውዬ፣ ያ ጥርሱ ብዙ፣ «ዓመቱን ሙሉ የምትቀመጡበት ሳሎን» ሲላችሁ እኔ ምን አልኩ? ከላይ መስታወት፣ ከጎን መስታወት፤ በበጋ መጥበሻ፣ በክረምት ፍሪጅ ነው አልኩ። እናንተስ ምን አላችሁኝ? ሟርተኛ።

— የገና ምሳ? እዚያ? ሁላችንም? ... አውቃለሁ፣ ጁዲት ገንዘቡን ጓሮ ቀበርነው ማለቷን አውቃለሁ። እኔ ምን ብዬ ልፍረድባት? ... እሺ፣ ሞቋል ካልክ ሞቋል። ምን ምን አደረግህ? የነገርኩህን ሁሉ አደረግህ? መጋረጃው ተሰቀለ? ወፍራሙ፣ ገበር ያለው? ... ጎሽ። ፀሐይ ስትኖር ክፈተው፤ ልክ ስትጠልቅ ዝጋው፤ ያችን የገባች ሙቀት አታስወጣት። ምንጣፍስ? ... ጎሽ። ያ ሴራሚክ ላይ እግር ማሳረፍ በረዶ ላይ መቆም ነው። ቀኑን ሙሉ እንዳታሞቀው ደግሞ። ልትቀመጡ ስትሉ ብቻ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ። እግር ላይ ጣል የሚደረግ ብርድ ልብስ ከኖረ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

— የወጥ ቤቱን በርስ? ... ዘግተኸዋል? ጎበዝ የኔ ልጅ። ዋናው እሱ ነው። የጎረቤታችን የእነ ዌንዲ ልጅ ምን እንዳደረገ ነግሬሃለሁ? ... ነግሬሃለሁ? ልድገምልህ። ለገና ምሳ ጠረጴዛው ከወጥ ቤት እስከ መስታወት ክፍሉ ይዘርጋልኝ ብሎ በሩን ነቅሎ አነሳው። አንሥቶም ቀረ። የቤቱ ሙቀት በሙሉ በመስታወቱ እየወጣ ክረምቱን ሙሉ ሰማይ ሲያሞቅ ከረመ። የጋዙ ሂሳብ ሲመጣ ሚስቱ እናቷ ቤት ገባች። ... እሺ፣ በሂሳቡ ምክንያት ብቻ አይደለም። ግን አግዟል።

— አይ፣ አትዝጋ! አንድ ነገር ብቻ... ሁልጊዜ ምን ያስቸኩልሃል? ስልክ ስታነሳ ጀምሮ ልትዘጋ ነው የምታኮበኩበው። አንድ ነገር ብቻ። ነፋሱስ? ያ በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ? ጨርቅ ጠቅልለህ ወትፈው ብዬህ ነበር።

— በፕላስተር? ዙሪያውን? ... የጓሮውን በርም ዙሪያውን ለጠፍከው? ... ከላይ ያሉትን ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎችም? እኔ እንኳ በሩ ሥር ነበር ያልኩህ። ... እሺ ይሁን። ነፋስ ካልገባ ሙቀት አይወጣም። ያችን ዘይት ያለባትን የመብራት ማሞቂያ ራዲያተር ገዝተሃል ማለት ነው፤ ያችን ከጋዜጣ ቆርጬ የላክሁልህን፣ ሲበቃት ራሷ የምትጠፋዋን?

— አልገዛህም? ታዲያ ክፍሉ በምን ሞቀ?

— ምስጢር? ከእናትህ? ... «አባዬን ጠይቂው»? ... ክሊፎርድ። ... ክሊፎርድ! ... ግሬም፣ አባትህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው። አባትህ ድምፅ ሲጨምር አንድ ጥፋት አለ ማለት ነው።

— ክሊፎርድ፣ ለልጁ ምን ሰጠኸው? ... ማሞቂያ። የቱን ማሞቂያ? ... የካራቫኑን፣ የዚያን ተጎታች ቤት? ያን የጋዝ ሲሊንደሩ ሆዱ ውስጥ የሚገባውን፣ የዛገውን? ካራቫኑ ሲሸጥ ወስደህ ጣለው ብዬህ አልነበረም እንዴ? ... ሰማህ ግሬም? «ደህና ዕቃ አይጣልም» ነው የሚለኝ። ሸራ አልብሶ፣ ጓሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ከሣር ማጨጃው ጀርባ ደብቆት ኖሯል። እዚያ ቤት ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም፤ ያንተ የልጅነት ጋሪ እንኳ አለ፣ ጎማ የለውም። ቆይ፣ ቆይ... ያኔ ወደናንተ ስንመጣ መኪናው ኋላ በጨርቅ ሸፍኖ የጫነው እሱን ነው? ድንች ነው ብሎኝ እኮ ነበር! መንገዱን ሙሉ ድንቹ ሲንኳኳ!

— ርካሽ ነው። እሺ፣ መብራት አይበላም። ጎረምሳ ስለነበርክ ታስታውሳለህ፣ ስካርብራ ባሕር ዳር ዝናብ ሲይዘን እሱው ነበር የሚያሞቀን። አዎ። በሩ ተከፍቶ ግን። ሁልጊዜ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር የማነደው፤ አባትህ «ባሕሩን ልታሞቂው ነው ወይ» እያለ እየቀለደብኝ...

— ግሬም። አሁን እየነደደ ነው?

— ከቁርስ ጀምሮ?

— አይ፣ አልተቆጣሁም። ማን ተቆጣ? ... ምን አልክ? ድገመው። አፍህ ውስጥ ምግብ አለ እንዴ? ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚመጣው። ... እንቅልፍ እንቅልፍ አለህ። ራስህንስ? ... ያምሃል? የት ጋ፣ ግንባርህን? ... «ሙቀቱ ነው»። እሺ። መስታወቱ እንዴት ነው? ምን እንዴት ነው ማለት ምንድነው፣ ደርቋል ወይስ አላብቷል?

— እንባው ይወርዳል። እሺ። እሳቱስ? ቀለሙን እይልኝ። ... ብጫ። አይ፣ አያምርም ግሬም። ብጫ መሆን የለበትም። ሰማያዊ ነው መሆን ያለበት።

— ጁዲት የት ናት? ... የገና መዝሙር ልምምድ። ሃቲስ? ሃቲ ከእሷ ጋር ናት በለኝ። ግሬም፣ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ናት በለኝ።

— አጠገብህ። ጋሪዋ ውስጥ። ... ተኝታ ዋለች። «ዛሬ ጥሩ ልጅ ሆናለች»። ግሬም፣ ሃቲ እኮ ቀን አትተኛም! ጁዲት በቀደም ስልክ ላይ እያለቀሰች የነገረችኝ ይህንኑ አይደል?

— አልጮህኩም። ቆይ... ሞስ የት ነው? ውሻው፣ ውሻው! ... ምንጣፉ ላይ። ያ ውሻ ድምፄን በስልክ ከሰማ ጎረቤት እስኪረበሽ ይጮሃል። ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ። ... አድርግ ብያለሁ! ... ሞስ! አንተ ሌባ! አንተ ካልሲ ሌባ! እኔ ነኝ! ... ምን አደረገ?

— ጆሮውን ብቻ።

— ክሊፎርድ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፋው። ... የመጨረሻው ጥቁር ኳስ ምን አገባኝ! አጥፋው!

— ግሬም፣ ስማኝ የኔ ጌታ። ተነሥና በር ክፈት። ... ሟርት አይደለም። ... አውቃለሁ፣ ምድጃው ይፈነዳል ብዬ ነበር፤ አልፈነዳም። ጣሪያው ላይ ዛፍ ይወድቃል ብዬ ነበር፤ አልወደቀም። እሺ፣ ሃያ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ዛሬም ከተሳሳትኩ ለገና ተሰብስባችሁ ሳቁብኝ። አሁን ግን ተነሥ።

— የቱ ጠቋሚ? ... አዎ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁህ። የመርዝ ጭስ ጠቋሚ፣ ለሠርጋችሁ፣ በሪባን አስሬ። ሰው ሁሉ የሳቀብኝ። ... አልጮኸም? የት ነው የሰቀልከው?

— ወጥ ቤት። አንተ ደግሞ የት ነህ? ... መካከላችሁስ ምን አለ? ... በር። በሩስ?

— ዝግ ነው። እኔ ዝጋ ስላልኩህ።

— ግሬም፣ ያ ጭስ ሽታ የለውም። አይታይም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል። ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነህ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ... ማስረዳቱ ይቅር። በር ዝጋ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ክፈት የምልህም እኔው ነኝ። ተነሥ!

— ሻይህን አትጨርስም! ጣለው!

— ተነሣህ? ... ግሬም? ... ምንድነው የወደቀው? ... ግሬም? ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... ሄሎ!

— ክሊፎርድ፣ አይመልስልኝም። ሞባይልህ የት ነው? ... መኪና ውስጥ። አጥፍተኸው። አዎ፣ አውቃለሁ፣ ለድንገተኛ ጊዜ ባትሪው እንዳያልቅ። ክሊፎርድ፣ ድንገተኛ ጊዜ ማለት ይሄ ነው! ሂድ አምጣው! ... ጫማውን ተወው፣ በካልሲህ ሂድ!

— ግሬም! ግሬም ሆልሮይድ! ከአልጋህ ትነሣለህ ወይስ ውኃ ይዤ ልምጣ! ... ግሬም! ትምህርት ቤት ረፍዷል! ተነሥ!

— አለህ? ... አለህ። አለህ ልጄ። ጠረጴዛው ነው የወደቀው? ... እግርህ እምቢ አለ። ገባኝ። በጉልበትህ ሂድ። መጀመሪያ ልጅቷን። ... አይ፣ ማሞቂያውን ተወው፣ ለማጥፋት ጎንበስ እንዳትል! ልጅቷን። ጋሪውን ይዘሃል? ተደገፍበት። ተደግፈህ ተነሥና ግፋው፤ ጎማ አለው፣ እሱ ይወስድሃል።

— የጓሮውን በር አይደለም! ፕላስተር ለጥፈህበታል፤ እሱን ስትልጥ ትወድቃለህ። ወደ ወጥ ቤቱ። ... የቱ ጋ ነህ? ንገረኝ፤ ዝም አትበለኝ፤ የፈለግኸውን አውራ፣ ስደበኝም። ... እጀታው? ወደ ታች ተጫነው። ... ተከፈተ?

— ወጥ ቤት ነህ። ጎሽ። በሩን ኋላህ ክፍት ተወው። አሁን ወደ ፊት ለፊቱ በር... ምን? ... አትቀመጥ። ግሬም፣ እንዳትቀመጥ። ወለሉ ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ ደስ ቢልም አትቀመጥ። ... «ትንሽ ልረፍ» የለም! ... ግሬም፣ እናትህን አልቅሰህ ልታስቀብራት ነው ወይስ እሷ አንተን? ተነሥልኝ እባክህ። እባክህ ልጄ። በእግርህ ወድቄያለሁ...

— ያ ምንድነው? ... ያ የሚጮኸው ምንድነው?

— ጠቋሚው! ጮኸ! ይጩህ! ይጩህ! ሰማኸው? ይኸው እሱም እናትህ ያለችህን ነው የሚልህ! ተነሥና ከእሱ ሽሽ። ... ጎሽ። ግፋው ጋሪውን። ... ሰንሰለቱን ፍታ። ቀስ ብለህ፣ ወደ ግራ ሳበው፣ ሁሌም ይጣበቃል፣ አውቀዋለሁ። ... ወደ ግራ...

— ነፋስ ይሰማኛል። ውጭ ነህ? ግሬም፣ ያ የምሰማው ነፋስ ነው? ... በረዶ እየጣለ ነው። ይጣል። ይጣልባችሁ። ሳምባህ እስኪሞላ ሳበው። ... አትናገር፣ መጀመሪያ ተንፍስ።

— አሁን ሃቲን አንሣት። ከብርድ ልብሱ አውጣት። ... አይበርዳትም! ይብረዳት! ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙረው። ... ምን ትመስላለች? ... ዓይኗስ? ... አልገለጠችም። እግሯን ቆንጠጥ አድርጋት። ውስጥ እግሯን። ... ደግመህ። ጠንከር አድርገህ። ጥራት። በስሟ ጥራት። ... ግሬም?

— ምንም አትበለኝ። እጠብቃለሁ። ... አለሁ። ... አለሁ፣ እዚሁ ነኝ...

— እሷ ናት? ... ያ እሷ ናት? ... አቅርባት! ስልኩን አፏ ላይ አድርግልኝ! ... አልቅሺ። አልቅሺ የኔ እመቤት። ጩኺበት። እናትሽንም አባትሽንም እንቅልፍ ንሻቸው፤ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ንሻቸው። ... ውይ። ውይ አምላኬ።

— አባትህ መጣ። ... ምን አልክ ክሊፎርድ? ... ሞቷል? ... ባትሪው ነው ግሬም፣ ባትሪው! ልጅቷማ ይኸው ትሰማታለህ። ... ካራቫኑ ከተሸጠ ጀምሮ አጥፍቶ የቆጠበው ባትሪ፣ ያለቀለት ሆኖ ተገኘ። ... ክሊፎርድ፣ ቁጭ በል። ልጅቷ እያለቀሰች ነው። አዎ፣ እሷ ናት። ቁጭ በል እንጂ፣ ካልሲህ ረጥቧል።

— ማነው የሚያናግርህ? ... ሚስስ አክሮይድ? ከአጥሩ ወዲያ? ጎሽ፣ ልጅቷን ስጣት። ሹራቧ ውስጥ ትያዛት፤ ውጭ ግን፣ እዚያው ውጭ ትሁን። ... ጮክ ብለህ ንገራት፣ ጆሮዋ ከባድ ነው።

— ማንን? ... አትመለስ! ግሬም፣ ለውሻው ብለህ ገብተህ እንዳላይህ! ... አውቃለሁ። እኔም እወደዋለሁ፣ ያን ሌባ። ግን አትገባም። በሮቹን ክፍት ትተሃቸዋል፤ ከዚያው ሆነህ ጥራው። ... ፉጨትህ የታለ? ... እሺ፣ ከንፈርህ እምቢ ካለ አጨብጭብ። አጨብጭብ፣ ሚስስ አክሮይድም ትጥራው።

— ወጣ? ... እየተንገዳገደ? ... አስመለሰው? ያስመልሰው፣ ደጅ ነው። ጎሽ ሞስ። ጎሽ።

— አሁን ስማኝ። ስልኩን ዝጋና ለአምቡላንስ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ደውል። ... ደህና ነኝ አትበለኝ። አንተም ልጅቷም በሐኪም መታየት አለባችሁ፤ ያ ጭስ ከክፍሉ ስትወጣ ከደም ወዲያው አይወጣም። የጋዝ ማሞቂያ በተዘጋ ክፍል በላቸው፤ ሕፃን አለች በላቸው። ... የእኛ ሞባይል ሞቷል አልኩህ እኮ፤ ሚስስ አክሮይድ ደግሞ ስልክ አይሰማትም። ከአንተ ጋር ነው መነጋገር ያለባቸው። ከዚያ ጁዲትን ጥራት። አስደንግጣት፣ ግድ የለም፤ እናት ናት።

— ዝጋው እንጂ።

— አትዘጋም? ... አታልቅስ። ... አለሁ። ... የሰጠህ አባትህ፣ ዝጋ ያልኩህ እኔ፤ አንተ ምን አጠፋህ? የሁለታችንንም ምክር የሰማህ ልጅ ነህ። ... ክሊፎርድ፣ አንተም ተው፣ ሁለታችሁን ባንድ ጊዜ አልችልም።

— ግሬም፣ ሁልጊዜ «እማዬ ልዝጋው» ባዩ አንተ ነህ፤ «ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ» ባይዋ እኔ። ዛሬ ምን ሆንክ? ... እሺ። አንተ ካልቻልክ እኔ እዘጋዋለሁ። አንተ ግን ወዲያው ደውል። ቃል ግባልኝ። ... ጎሽ። እስኪያነሱልህ ድረስ ከሃቲ ጋር አውራ።

— ክሊፎርድ፣ ና እስቲ፣ አንተ ዝጋው። እኔ አልቻልኩም። ... አንተም አልሆነልህም? ተወው። ተቀመጥ። እኔው።

— ግሬም? ... አለህ? ... አንድ ነገር ብቻ...

— የለም። ምንም የለም ልጄ። ዘጋሁት።